የአያት ስም የሚጻፍበት መስመር

ዕድሜዬን የጨረስኩት የሰው ስም ስጽፍ ነው። መጀመሪያ በቀበሌ መዝገብ ቤት፣ ኋላ ደግሞ ጎንደር አራዳ ውስጥ ልደት፣ ጋብቻና ሞት በሚመዘገብበት ቢሮ። ጡረታ ስወጣ ባልደረቦቼ አንድ ጋቢና አንድ እስክሪብቶ ሸለሙኝ፤ እስክሪብቶው እስካሁን ይጽፋል። ስለዚህ ስለ ስም አንድ ነገር ስናገር ቤተሰቤ እንደ ባለሙያ ቢያዳምጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። የሚያዳምጠኝ ግን ጡረታ እንደወጣ ሰው ነው።

እዚህ ጽሑፍ ውስጥ የማንንም ሰው ስም አልጠራም። ጎንደር ጠባብ ከተማ ናት፤ የመዘገብኳቸው ሕፃናት ዛሬ ሪዛም ሆነው መንገድ ላይ ሰላም ይሉኛል፤ አንዳንዱም የሚወቅሰው ስሙን ያወጣለትን አባቱን ሳይሆን የጻፍኩትን እኔን ነው። በየጊዜው ፋሽን የነበሩትን ስሞች ባነሣ ግን የሚቀየመኝ ያለ አይመስለኝም። እነሱ የሰው ሳይሆኑ የዘመን ናቸው።

ሥራ ስጀምር ፊቴ ይቆሙ የነበሩት አብዮት፣ ትግሉና ድል የሚባሉ ልጆች ናቸው። አብዮት ንፍጡን እየጎተተ፣ የእናቱን ቀሚስ ጨምድዶ ከረሜላ ካልተገዛልኝ ብሎ ሲያለቅስ ያየ ሰው፣ የዘመኑ ፍርሃት ለጊዜውም ቢሆን ይቀልለት ነበር። ከዚያ መንግሥት ተለወጠና ሁሉም ወደ መጽሐፍ ቅዱስ ተመለሰ፤ ዳዊት፣ ዮናስ፣ ቤተልሔም፣ ሩት። እሱም ሲሰለች ስሙ ሁሉ በ«ኤል» ማለቅ ጀመረ። አንድ ጠዋት ከተሰለፉት ሕፃናት መካከል «ኤል» የሌለባት አንዲት ልጅ ብቻ ነበረች፤ እናትየዋ ተራዋ ሲደርስ ዙሪያዋን አየችና «ከባለቤቴ ጋር ተመካክሬ ሌላ ቀን ልምጣ» ብላኝ ሄደች። የስሙን ትርጉም ስጠይቃቸው «ዕብራይስጥ ነው» ይሉኛል። በዕብራይስጥ ምን ማለት ነው ስላቸው ደግሞ «ኢንተርኔት ላይ አለ» ይላሉ። አንድ የባጃጅ ሹፌር ልጁን በሚወደው የውጭ አገር ኳስ ተጫዋች ስም አስመዘገበ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ተጫዋቹ ወደ ተቀናቃኙ ክለብ ዞረ፤ ሰውዬውም «ይህን ልጅ በዚህ ስም እየጠራሁ እንቅልፍ አልወስድ አለኝ» ብሎ ተመልሶ መጣ። ፍርድ ቤት ላክሁት።

ለምዝገባ ወደ ገጠር ስንወጣ ነገሩ ሌላ ነበር። ደጋ ላይ ስም ወሬ ነው፤ ልጁ የተወለደ ሰሞን ቤቱ ውስጥ ምን እንደሆነ ይናገራል። ዝናቡ ዘግይቶ ይሆናል፣ አባትየው በመሬት ክርክር ረትቶ ይሆናል፣ እናትየዋ ከአማቷ ጋር ተኳርፋ ይሆናል። የአንድ ገበሬ አራት ልጆች ስም ከላይ ወደ ታች ሲነበብ ጎረቤትየው ላይ የቀረበ የክስ ማመልከቻ ይመስል ነበር። በዚያ ላይ እናት በአንድ ስም፣ አያት በሌላ፣ ጎረቤት በሦስተኛ ስም ይጠሩታል። የቱን ልጻፍ ስላቸው ቅጹን ትተው እርስ በርሳቸው ይጨቃጨቃሉ፤ እኔም ጥላ ሥር ተቀምጬ እጠብቃቸዋለሁ።

በሥራዬ ጨካኝ ነበርኩ። አንድ ፊደል ለማስተካከል ማመልከቻ፣ ምስክርና የፍርድ ቤት ውሳኔ አስመጣ ነበር። «ስም እኮ ኮት አይደለም፣ ባሰኘህ ቀን አውልቀህ የምትሰቅለው» የምትል ንግግር ነበረችኝ፤ በቀን አራት አምስት ጊዜ እላታለሁ። ሰዎቹ አንገታቸውን ደፍተው «እውነትዎን ነው» ይሉኝ ነበር። ከልባቸው ይሁን ማኅተሙን ፈልገው አላጣራሁም።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። በእኛ አገር የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር የለም። ቅጹ ላይ ያለው ሦስት መስመር ነው፤ የልጁ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም። እንደ ሞላ ሚኒባስ ነው፤ አንድ ሰው ሲሳፈር አንዱ መውረድ አለበት። ሕፃን በተወለደ ቁጥር አባቱ ወደ ሁለተኛው፣ አያቱ ወደ ሦስተኛው መስመር ዝቅ ይላሉ። ቅድመ አያቱ ከወረቀቱ ይወርዳል፤ ደህና ሁን የሚለውም የለም። ስንት ቅድመ አያት በዚህ እጄ እንዳወረድኩ እንጃ። ቀና ብዬም አላየኋቸው።

የልጄ ሚስት አረገዘች ሲባል ግን ቀና አልኩ። ይህ ልጅ ሲወለድ ሦስተኛው መስመር ላይ የምጻፈው እኔ ነኝ። የሚወርደው አባቴ ነው።

አባቴ መሪጌታ ነበር፤ ቁስቋም፣ ዛሬም በምንኖርበት ግቢ ውስጥ፣ ዜማ ሲያስተምር ኖሮ ሞተ። ከእሱ የቀረን አንድ መቋሚያ፣ አንድ የደበዘዘ ፎቶግራፍና በእኔና በልጄ ወረቀት ላይ ያለው ስሙ ነው። ስለዚህ ወሰንኩ። ወንድ ከሆነ በአባቴ ስም ይጠራል፤ አባቴ ከኋላ ወርዶ ከፊት ይሳፈራል። ሐሳቤን ለባለቤቴ ስነግራት «ሸጋ» አለችኝ። ባለቤቴ ሸጋ የምትለው የማይሆን ነገር ስትሰማ ነው።

ልጄ ባንክ ይሠራል። ምራቴ የትክል ድንጋይ ከተማ ልጅ ናት፤ መድኃኒት ቤት ትሠራለች፣ ንግግሯ ቁጥብ ነው። ከተጋቡ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። በሦስተኛው ዓመት አንድ ፅንስ ወጥቶባት ነበር። እኛ ቤት ስለዚያ አይወራም፤ የግድ መነሣት ካለበት «ያን ጊዜ አሟት የነበረ ጊዜ» ይባላል። እኔም እንደዚያው ነበር የምለው። ከዚያ አልፌ ያሰብኩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

ልጄ ስም የሚፈልገው በስልኩ ነው። እሑድ ምሳ ላይ የየአገሩን ያነብልናል። ጀርመኖች ኖኅ ይወዳሉ፣ እስፓኞች ማቴዎ ይላሉ፣ ሶፊያ የሚባለው ደግሞ የማይገባበት አገር የለም። ጃፓኖች ስሙን ከመረጡ በኋላ የሚጻፍበትን ፊደል ለብቻው ይመርጣሉ አለን። ስንት ፊደል ቢኖራቸው ነው ብዬ ጠየቅሁት፤ በሺህ የሚቆጠር ነው ሲለኝ ለጃፓን መዝጋቢዎች ከልቤ አዘንኩ። አይስላንድ በምትባል አገር ሰው እንደ እኛው በአባቱ ስም ይጠራል፤ ያልተለመደ ስም ማውጣት የፈለገ ግን ለኮሚቴ ያቀርባል፣ ኮሚቴው ተሰብስቦ ይወስናል። ጀርመንም ቢሆን መዝጋቢው ስሙ ልጁን ይጎዳዋል ብሎ ካመነ አልጽፍም ማለት ይችላል። የጠቀለልኩትን ጉርሻ መልሼ ትሪው ላይ አስቀመጥኩ። ዕድሜ ልኬን የተሳሳተ አገር ውስጥ ስሠራ እንደኖርኩ ያን ቀን ነው የገባኝ።

ልጄ መመዘኛ አለው። አጭር ይሁን፤ ትርጉም ይኑረው፤ ፈረንጅ ሲጠራው አይበላሽ፤ ፓስፖርት ላይ አያስቸግር።

«የት ሊሄድ ነው?» አልኩት።

«የትም አይሄድም አባባ። ግን ቢሄድስ?»

ገና ያልተወለደው ልጅ ቪዛው አልቆለት የቀረው ስሙ ብቻ ነበር።

«የአያትህ ስምስ?» አልኩ፣ እግረ መንገዴን እንደመጣልኝ አስመስዬ።

«አምስት ፊደል ነው፤ ሁለት ቦታ ላይ ደግሞ ይጠብቃል» አለኝ። ምራቴ ውሃ ቀድታ ሰጠችኝ።

በነገር እንደማይሆን ሳውቅ ወደ ሥራ ገባሁ። የአባቴን ፎቶግራፍ ከመኝታ ቤት አውጥቼ ሳሎን፣ ከቴሌቪዥኑ በላይ ሰቀልኩት፤ ልጄ ኳስ ባየ ቁጥር ከአያቱ ጋር ዐይን ለዐይን እንዲተያይ ነው። መቋሚያውን በሩ አጠገብ አቆምኩት፤ ሁለት ጊዜ ያደናቀፈው እኔኑ ነው። ቀጥዬ ንስሐ አባታችን ዘንድ ሄድኩ። ሌላው ቢቀር የክርስትና ስሙን ከአባቴ ጋር አንድ እንዲያደርጉልኝ ለመንኳቸው። በትዕግሥት ሰሙኝ።

«እኔ የማወጣው የዕለቱን ቅዱስ አይቼ ነው» አሉኝ። «ካባትህ ጋር በአንድ ቀን እንዲጠመቅ ከፈለግህ፣ መቼ እንደሚወለድ ከሕፃኑ ጋር ተነጋገር።»

ስመለስ ባለቤቴ በር ላይ ጠበቀችኝ። ወሬው ከእኔ ቀድሞ ደርሷል።

«ምነው አንተ ሰው፣ አባትህ ላንተ ያወጣልህ ስም ለመሆኑ ወዴት ደረሰ?» አለችኝ።

እንግዲህ ሳልወድ ወደዚያ መጣሁ። ዛሬ የምጠራበት ስም አባቴ ያወጣልኝ አይደለም። ከእኔ በፊት ሁለት ልጆች ሞተውበት ነበር። እኔ ስወለድ ያወጣልኝ ስም፣ ስም ከሚባል ልመና ቢባል ይቀላል፤ «ይህን እንኳ ተውልኝ» ብሎ እግዚአብሔርን የሚማጠን ነው። ረዥም፣ የባላገር ስም። በልጅነቴ ምንም አልመሰለኝም። ስምንተኛ ክፍል ለሚኒስትሪ ፈተና ስንመዘገብ ግን ከፊቴ የተሰለፉት የአራዳ ልጆች ስማቸው ሁሉ አጭር፣ ቀልጣፋ ነበር። መምህሩ ቀና ሳይል «ስም» አለኝ። አፌ ላይ የመጣልኝን አጭር ስም ነገርኩት፤ ጻፈው። ማመልከቻ አልጠየቀኝም፣ ምስክር አላለኝም፣ ፍርድ ቤትም አልላከኝም። ሲፈጅ ከአንድ ማስነጠስ አይበልጥም። ያ ልጅ አድጎ «ስም እኮ ኮት አይደለም» እያለ ሕዝብ ሲገሥጽ ኖረ።

አባቴ የፈተናውን ወረቀት ሲያይ አልተቆጣም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። «ይሁን፤ እግዚአብሔር እንደሆነ አንዴ ሰምቶኛል» ብሎ መለሰልኝ።

በቤት ግን በለመደው ስም መጥራቱን አልተወም። አንድ ቀን አራዳ ከጓደኞቼ ጋር ቆሜ ሳለሁ ከመንገዱ ማዶ ጠራኝ። የዜማ መምህር ነው፣ ድምፁ ሰፈር ያዳርሳል። እንዳልሰማ ሆኜ ጀርባዬን ሰጠሁት። ሁለተኛ ጠራኝ። ሦስተኛ ጠራኝ። ከጓደኞቼ አንዱ «ሽማግሌው ማንን ነው የሚጣሩት?» አለ፤ «እንጃ» አልኩ። አባቴ መንገዱን ተሻግሮ መጣና የቤቱን ቁልፍ እጄ ላይ አስቀምጦልኝ ሄደ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስኪሞት ድረስ «አንተ» ነበር የሚለኝ። ባለቤቴ ስሜን መቀየሬን ታውቃለች እንጂ ይህን አታውቅም። ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ አሁንም ስጽፈው ያሳፍረኛል።

በዚያ ስም የሚጠራኝ የቀረ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የአባቴ ታናሽ ወንድም። ከትክል ድንጋይ ወጣ ብሎ ያርሳል፣ ከብት አለው፤ ቤተሰቡ ሁሉ «አያ» ነው የሚለው። በዓል ሲደርስ በመኪና ይመጣና ከግቢው በር ጀምሮ በዚያ ስም ይጣራል። እኔ «አቤት» አልለውም፤ «ይግቡ አያ» ብዬ ቶሎ አስገባዋለሁ፣ ጎረቤት ሳይሰማ። ልጄ የቁልምጫ ስም ይመስለው ነበር፤ አላረምኩትም። ምራቴ የአገሩ ልጅ ስለሆነች አያ ከእኔ ይልቅ የሚያወራው ከእሷ ጋር ነው። ጓዳ ገብተው ስለ ዝናብና ስለ ገበያ፣ ማን እንደሞተ፣ ማን እንዳገባ ሲያወሩ ይውላሉ። ከዚያ ያለፈ ነገር ያወራሉ ብዬ አልጠረጠርኩም።

ልጁ ወንድ ሆኖ ተወለደ፤ ጤነኛ፣ ጩኸታም። እናቱም ደህና። እስከ አርባው ቀን ስም አልነበረውም፤ ወይም እጅግ ብዙ ነበረው። ልጄ ከዝርዝሩ እየመረጠ ይሞክርበት ነበር፤ ሰኞ ጀርመን፣ ረቡዕ ብራዚላዊ ሆኖ ይውላል። እኔም በበኩሌ ሰው በሌለበት እየጠበቅሁ ጆሮው ሥር የአባቴን ስም እነግረዋለሁ። ያዛጋል። አንድ ቀን ዞር ስል ምራቴ በሩ ላይ ቆማለች።

«ለመደው?» አለችኝ።

«ጥሩ ልጅ ነው፣ ይለምዳል» አልኩ። ፈገግ ብላ ልጁን ከእጄ ተቀበለችኝ። ያን ፈገግታ እንደ እሺታ ቆጥሬው ሰንብቻለሁ።

በአርባው ቀን ማለዳ ክርስትና ተነሣ። የክርስትና ስሙን ንስሐ አባታችን እንዳሉት በዕለቱ ቅዱስ አወጡለት። ቤት ተመልሰን፣ ተበልቶ ተጠጥቶ፣ ሰው ጋብ ሲል ልጄ የልደት መመዝገቢያውን ቅጽ ፊቴ አስቀመጠ።

«በአባባ እጅ ይጻፍ ብለናል» አለ።

አያ ከሶፋው ጥግ ጋቢውን ተከናንቦ ተቀምጧል። ባለቤቴ መሶቡን ማንሣቷን ትታ ቆመች። የሸለሙኝን እስክሪብቶ አወጣሁ። በልማዴ ከታች ነው የምጀምረው። ሦስተኛው መስመር ላይ የራሴን ጻፍኩ፤ ያችኑ ከመምህሩ ፊት የፈጠርኳትን አጭር ስም። ሁለተኛው ላይ የልጄን። ለአባቴ የቀረው ባዶ ቦታ የላይኛው ብቻ ነበር። ካልተጻፈ አለቀ ማለት ነው፤ ከእንግዲህ በሚወለድ ልጅ ወረቀት ላይ ዳግመኛ አይገኝም።

«ማን ልበል?» አልኩ። ድምፄን የቢሮ ድምፅ ላደርገው ሞከርኩ፤ እንቢ አለኝ።

«እሷ ናት የመረጠችው» አለ ልጄ፣ ስልኩን ኪሱ እየከተተ።

ምራቴ ስሙን ነገረችኝ። የአባቴ ስም አልነበረም። አባቴ ለእኔ ያወጣልኝና እኔ የጣልኩት ስም ነበር፣ ሙሉው፣ ሳይቆረጥ።

እስክሪብቶው ከወረቀቱ በላይ ቆመ። ያልሰማኋት መስሏት ደገመችልኝ። ከዚያ ቤታችን ከገባችበት ቀን ጀምሮ ከሰማኋት ንግግር ሁሉ የረዘመውን ተናገረች።

«ያን ጊዜ ልጁ የወጣብኝ ጊዜ፣ አያ ሊጠይቁኝ መጥተው ነበር» አለች። እኛ ቤት ያ ነገር በስሙ ሲጠራ ያን ቀን የመጀመሪያው ነው። «ሌላው ሰው አይዞሽ እያለኝ ይሄዳል። እሳቸው አጠገቤ ቁጭ አሉና፣ የእርስዎ አባት ሁለት ቀብረው ሦስተኛውን በምን ስም ለምነው እንዳስቀሩት ነገሩኝ። ስሙ ደስ አለኝ። ይሄኛው ሆዴ ውስጥ ሳለ በዚያ ስም ነበር የምጠራው፣ በልቤ። በየወሩ ነበር የምፈራው አባባ። ለእርስዎ ሠርቷል፤ ለእሱም ይሥራ ብዬ ነው።»

«ስድስት ፊደል ነው» አለ ልጄ። «ፓስፖርቱ እንደምንም ይቻለው።»

አያ ከጥግ «ሸጋ ነው» አለ። እሱ ሸጋ ሲል ሸጋ ማለቱ ነው።

ስድስት ወር ሙሉ አባቴን መስመር ላይ ለማስቀመጥ ስሯሯጥ፣ ይህች ልጅ ሌሊትና ቀን የሱን ልመና ስትለምን ኖራለች፤ እዚሁ ቤት፣ ውሃ እየቀዳችልኝ። አፈርኩ። ጻፍኩትም፤ ግን ስድስቱም ፊደል ከመስመሩ ወጣ። በሥራ ላይ ሳለሁ እንዲህ ያለ ጽሕፈት ይዞ የመጣን ሰው «አይነበብም፣ አስገልብጠህ ና» ብዬ እመልሰው ነበር። የአባቴ ስም ከሦስቱ መስመሮች በአንዱም ላይ የለም። ከላይ የተጻፈው ግን እሱ ከአፉ ያወጣው ቃል ነው። ከታች ያለችው የእኔዋ አጭር ስም፣ ይህ ልጅ አድጎ ሲወልድ በተራዋ ትወርዳለች። አላዝንላትም።

ቅጹን ለልጄ ሳቀብለው ሕፃኑ ጓዳ ውስጥ ነቅቶ አለቀሰ። እናቱ ከመነሣቷ በፊት፣ መጣሁልህ ለማለት ያህል፣ ከተቀመጠችበት ሆና ጮክ ብላ በስሙ ጠራችው።

ሁለተኛ እስክትጠራ አልጠበቅሁም። «አቤት» አልኩ።